ሙሉውን ጨርሰው

ጋዲሴ ስሙን ከማየቷ በፊት ጀርሙን አየችው።

ላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ ቆማ መዳፍ የምታህለውን ክብ ሳህን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ሳህኑ ላይ ጀርሙ እንደ ስስ ቅባት ተነጥፏል። በላዩ አሥራ ሁለት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዷ ወረቀት ውስጥ አንድ አንድ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ጀርሙ በወረቀቷ ዙሪያ ይሞትና ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል። የማይሠራ ከሆነ ጀርሙ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አሥራ አንዱ ወረቀቶች ቀለበት አልነበራቸውም።

አሥራ ሁለተኛዋ ግን ነበራት። እሷ ገና በሙከራ ላይ ያለው፣ ስም ሳይወጣለት በቁጥር ብቻ የሚጠራው አዲሱ መድኃኒት ናት። ጋዲሴ የዚህ ጥናት አስተባባሪ ከሆነች ስምንት ወሯ ነው፤ እንዲህ ሰፊና ንጹህ ቀለበት አይታ አታውቅም። «ጎሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ለወረቀቷ። ከዚያ የታካሚውን ስም ልትመዘግብ ሳህኑን ገለበጠችው።

ሙህዲን ሸምሱ። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። አድራሻ አቃቂ።

አቃቂ ውስጥ ስንት ሙህዲን ሸምሱ አለ? ቢያንስ ሦስት ይኖራል አለች በሆዷ። አራትም አይጠፋ። ቁጥሩን ባበዛችው መጠን ሰውየው አንድ ብቻ እየሆነ መጣ።

* * *

የወንዶች ክፍል ጥግ ላይ አገኘችው። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ጸጉሩ ከፊት ገባ ገባ ብሏል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። ዓይኖቹ ብቻ ያው ናቸው፤ ድሮ ቀልዱ ከአፉ ሳይወጣ ቀድመው የሚስቁት ዓይኖች። ከበሩ ጀምሮ ተከተሏት። አልሳቁም።

«ደህና አደሩ፣ ሲስተር» አላት።

አንቱታው ከጥፊ ይብስ ነበር። አልጋው አጠገብ የተቀመጡት እናቱ ሰኪና ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «አንቱ ትላታለህ እንዴ? ጋዲሴ እኮ ናት። የቃልቤሳ ልጅ።»

«አላወቅኋቸውም» አለ ሙህዲን።

ጋዲሴ ወረቀቶቿን ገለጠች። ሲስተር አይደለችም፤ የተማረችው ስለ ጀርም ነው፤ ግን ይህን የማረሚያው ጊዜ አልነበረም። ሲጨንቃት እንደምታደርገው ፈጥና ተናገረች። አጥንቱ ውስጥ የገባው ጀርም ሆስፒታሉ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ተላምዷል። አንድ አዲስ አለ፤ ገና በጥናት ላይ ነው። በደም ሥር በየስምንት ሰዓቱ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው ይታያል።

«ተላምዷል ማለት?» አላት።

«መድኃኒቱ መጀመሪያ ሲመጣ ይጎዳዋል። ጨርሶ ሳይገድለው ከተቋረጠ ግን የተረፈው ይጠነክራል። ያው መድኃኒት ሁለተኛ ሲመጣ ምንም አይመስለውም።»

«ይገባኛል። ሰውም እንደዚያው ነው። አንዴ ክፉኛ ይታመማል፤ ካልሞተ ይላመዳል።»

«እኔ ስለ ጀርሙ ነው የማወራው።»

«እኔስ ስለ ማን መሰለዎት?»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ነበረች።

«ይሄ አዲሱ እንግዲህ የሚሞከር ነው» አለ ሙህዲን።

«በፈቃደኛ ሰው ላይ ብቻ።»

«እኔ ከዚህ በፊት አንዴ ተሞክሮብኛል፣ ሲስተር። ይበቃኛል። ሐኪሙ ዓርብ ጠዋት ከጉልበት በታች እንቁረጠው ብሎኛል። አሥር ዓመት ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ጎተትኩት። ይቆረጥና ልረፍ።»

«አፍህ ይቆረጥ» አሉ ሰኪና።

«ከተቻለ እሱንም።»

ጋዲሴ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ጥናቱ የሚቀበለው የላቦራቶሪ ውጤቱ በወጣ በአንድ ቀን ውስጥ የፈረመን ሰው ብቻ ነው። «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ያስቡበት» አለችው፤ እሷም አንቱ ብላ። ከዚያ ወደ ሰኪና ዞረች። «እማማ፣ እስከ ዛሬ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ይዘውልኝ ይምጡ። ባዶ ፓኮም ቢሆን። ባይፈርም እንኳ ለሐኪሙ ይጠቅማል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የሰጠሁትንም?»

«ለማን የሰጡትን?»

«ለሰው ነዋ» አሉ ሰኪና፤ መድኃኒት ለሰው ካልተሰጠ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቷቸው።

ጋዲሴ ከክፍሉ ስትወጣ ዓይኖቹ ጀርባዋ ላይ እንዳሉ አወቀች። መዞር ፈለገች። ከፍላጎቷ ይልቅ ያናደዳት አሥር ዓመት ቆይቶም አለማርጀቱ ነበር።

* * *

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚወስዳት ሚኒባስ ከሲኖትራክ ኋላ ተሰልፎ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ረዳቱን ትነዘንዘው ነበር። ዛሬ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች።

ድሮ እዚህ ጋ አስፋልቱ ያበቃና ጋሪ ይጀምር ነበር። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአባቷ የቃልቤሳ ጤፍ ይወዛወዝበት የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ልብስ የተሰጣበት ፎቅ ቆሟል። ያኔ ሁሉም ሰው የሁሉን ሰው ጋሪና ፈረስ ለይቶ ያውቃል፤ ፍቅርን መደበቅ የሚከብደውም ለዚህ ነበር።

የሙህዲን ሱቅ ሐዲዱ ሥር ነበረች። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቷት ናት፤ እሳቸው ሲሞቱ ለሱ ቀረች። ጋዲሴ ክብሪት ልትገዛ ትሄዳለች። ቀፎው ውስጥ ከእንጨቶቹ ሥር ተጣጥፎ የተኛ ደብዳቤ ይጠብቃታል። በማግስቱ «ይሄ ክብሪት እርጥብ ነው፣ ቀይርልኝ» ብላ ስትመልስ የሷ መልስ ውስጡ ነው። ወረፋ የያዙት ሰዎች አንድም ቀን አልጠረጠሩም፤ «አይ የዘንድሮ ክብሪት» ብለው ያግዟታል እንጂ። አባቷ ብቻ አንድ ቀን ቤታቸው መደርደሪያ ላይ የተከመረውን ክብሪት አይተው «ይህች ልጅ ቤቱን ልታቃጥለው ነው?» አሉ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ የሙህዲን እናት አምስት ሰዓት ሶላት የማይስቱ፤ ጉዳዩ ከታወቀ ከቤቱም የባሰ ነገር እንደሚቃጠል ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አንድ ክረምት ሙህዲን ከሞተር ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ሲገጥም ቁስሉ አመረቀዘ። ጋዲሴ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። የሐኪሙን ማዘዣ ተቀብላ ሳሪስ አቦ ድረስ ሄዳ ገዛችለት፤ ሃያ አንድ ካፕሱል፣ ሦስት ስትሪፕ፣ የሰባት ቀን። ቤቷ ገብታ ፓኮውን ከፈተች። መግለጫ ወረቀቱን አውጥታ በምትኩ የራሷን ደብዳቤ በመጨረሻው ስትሪፕ ላይ ጠቀለለች። ሁለቱን ስትሪፕ ውጦ ሲጨርስ ያገኘዋል። ሱቁ መስኮት ላይ ስታቀብለው «ሙሉውን ጨርሰው» አለችው። «አንዲት እንዳትቀር። እሺ በለኝ።»

«እሺ» ብሏት ነበር፤ ዓይኖቹ ቀድመው እየሳቁ።

በቀጠረችው ቅዳሜ፣ በአሥር ሰዓት፣ የሐዲዱ ድልድይ ላይ ቆመች። የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ከፈረቃ ወጥተው እየተንጫጩ አለፉ። አንዷ «እህቴ፣ ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ሳቀችባት። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ቆመች። አልመጣም።

መልሱ ገባት። ዳግመኛ ወደ ሱቁ አልሄደችም፤ እሱም ሰው አልላከም። ትምህርቷን ጨረሰች፤ ሥራ ያዘች፤ አንድ ሰው ሊያገባት ጠይቋት እሺ ብላ፣ ወር ሳይሞላ እምቢ አለች። ሰው ሲጠይቃት «ሥራ ይበዛብኛል» ትላለች። እውነት ነው፤ ይበዛባታል። ግን ቤቷ ውስጥ እስከ ዛሬ አንዲት ክብሪት የለም።

* * *

ሰኪና በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትልቅ ፌስታል ይዘው ቢሮዋ ገቡ። «ሰፈሩን ስዞር ነው ያመሸሁት» ብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ያለቁ፣ የተጋመሱ፣ ቀለማቸው የለቀቀ፣ በላስቲክ የታሰሩ ፓኮዎች ተንከባለሉ።

«ይሄን አራት ቀን ውጦ ተሻለው። ይሄን ሦስት ቀን። ይሄን ለእህቴ ልጅ ለቶንሲሉ ሰጠሁት፤ ትናንት ቀሪውን ተቀበልኩት። ይሄኛው ደግሞ የኛ አይደለም፤ ፋርማሲ ሲዘጋብን ጎረቤት የሰጠን ነው።»

«እማማ» አለች ጋዲሴ፤ ድምጿን ለማለስለስ እየታገለች፤ «ለምን አይጨርስም ነበር?»

«ከተሻለው በኋላ ምኑን ይጨርሳል? መድኃኒት መጣል ደግሞ ነውር ነው። ሌላው ይዳንበት እንጂ።»

ክፋት የለበትም። እንዲያውም ደግነት ነው፤ እሷም ያደገችው በዚሁ ደግነት ነው። ጀርሙ አሥር ዓመት የተማረው ግን እዚህ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ፣ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሳይመታ።

አንድ በአንድ መዘገበች። ከሁሉም ሥር ጠርዙ የተበላ ነጭና ሰማያዊ ፓኮ ወጣ።

«እሱ የአደሴ ነው» አሉ ሰኪና። «ማለቴ የኛ ነው። ያኔ ከሞተሩ ሲወድቅ የተገዛለት። አራት ቀን ወስዶ እግሩ በረድ ሲልለት ተወው። በማግስቱ ጎረቤታችን አደሴ ጥርሷ ሲነሳባት ሰጠኋት። እሷም ሁለት ውጣ ተሻላት። የቀረውን ለክፉ ቀን ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አኑራው ኖሯል። ይኸው፣ ወረቀቱ እንኳ አልተነካም።»

አራት ቀን አሥራ ሁለት ነው። ሁለት ሲጨመር አሥራ አራት። የመጨረሻው ስትሪፕ እንዳለ ነበር፤ ሰባቱም ካፕሱሎች፣ በዙሪያቸውም ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ባለ ካሬ ወረቀት። ጋዲሴ ፈታችው። ጽሑፉ የሷ ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቸኩላ የጻፈችው።

«ሙሄ፣ ይህን ካገኘኸው የመጨረሻው ስትሪፕ ላይ ደርሰሃል ማለት ነው። ስለዚህ ቃልህን ትጠብቃለህ ማለት ነው። ለአባዬ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ግን አልገደለኝም። ለእማማ ሰኪና አንተ ንገር። ትምህርቴን እስክጨርስ የምትጠብቀኝ ከሆነ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ሐዲዱ ድልድይ ላይ ና። ካልመጣህ መልስህ ይገባኛል፤ አልጨቀጭቅህም። ከሱቅህም ክብሪት አልገዛም። ግን ና።»

«መመሪያው ነው አይደል?» አሉ ማንበብ የማይችሉት ሰኪና።

«አዎ፣ እማማ» አለች። «መመሪያው ነው።» ድምጿ ከሩቅ ቦታ የመጣ መሰላት፤ ከዚያ ድልድይ።

* * *

የጥናቱ ነርስ ማህሌት ጓደኛዋ ናት፤ ነገር አታባዛም። ደብዳቤውን ቆማ አነበበችና መለሰችላት።

«ይህን ታካሚ ከኔ ውሰጂው» አለች ጋዲሴ። «አሁን ብሰጠው ለኔ ሲል ይፈርማል፤ ያ ፈቃድ አይደለም። እስከ ስድስት ሰዓት ብደብቀው ደግሞ ባልሠራሁት በደል አኩርፎ እግሩን ያጣል። ማሂ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ስለ አዲሱ መድኃኒት የተጻፈ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የጥናቱ አይደለም። የሰውየውን ዕቃ ለሰውየው ስጪ። ቅጹን ለኔ። ጋዋንሽንም እዚሁ አውልቂው።»

ጋዲሴ ያለ ጋዋን በክፍሉ ስታልፍ ራቁቷን የሄደች መሰላት። ፓኮውን ከነደብዳቤው ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ ያንተ ነው። ከእግርህ ጋር አይገናኝም። ብትፈርምም ባትፈርምም ያንተ ነው።»

አንቱታው እንደቀረ አስተዋለ፤ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስተኛው።

«አራት ቀን» አለ። «አምስተኛው ቀን ላይ አላመመኝም። ስላላመመኝ…»

«ሙሉውን ጨርሰው ብዬህ ነበር።»

«ስለ እግሬ መስሎኝ ነው፣ ጋዲ።»

«ስለ እግርህም ነበር።»

አሥር ዓመት ማንም ጋዲ ብሏት አያውቅም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ስሟን መልሳ እንዳገኘች ያህል ተሰማት።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ሰኪና ከወንበራቸው ተነስተው።

«ቅዳሜ ና ይላል፣ እማ።»

ሰኪና ፓኮውን አዩት። ጋዲሴን አዩ። ቀስ ብሎ ገባቸው፤ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ። «በነዚህ እጆቼ። ወላሂ፣ ለጥርሷ ብዬ ነው።»

«ቢነግርዎት ኖሮስ ምን ይሉ ነበር? ያኔ» አለቻቸው ጋዲሴ። ክፉ ለመናገር ሳይሆን ማወቅ ስለፈለገች።

ሰኪና ዋሽተው አያውቁም። «እምቢ እል ነበር» አሉ። ከዚያም ጨመሩ፤ «ግን እሱ ይሰማኝ ነበር እያልኩ አይደለም።»

ሙህዲን ዓይኑን ከጣራው ላይ አላነሳም። «እኔ ደግሞ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ክብሪት ልትገዢ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ። ሁለት ዓመት። መደርደሪያው ላይ አንዲት ክብሪት ለብቻዋ አስቀምጬ ነበር፤ ውስጧ ደብዳቤ አለ። አንድ ቀን ለሶላት ወጥቼ ስመለስ እማ ለጋሪ ነጂ ሸጠቻት።»

«ያን ሰሞን ክብሪት ጠፍቶ ነበር» አሉ ሰኪና።

«ምን ይል ነበር?» አለች ጋዲሴ።

«ጋሪ ነጂውን ጠይቂው።»

ዓይኖቹ ቀድመው ሳቁ። ጋዲሴም ሳቀች፤ መሀል ላይ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንባ አትወድም፤ በሥራ ቦታ ደግሞ ጭራሽ።

«ያድነኛል?» አላት ከኋላዋ።

«አላውቅም። ሳህኑ ላይ ገድሎታል። ሰው ግን ሳህን አይደለም። ስድስት ሳምንት ተኝተህ በመጨረሻ እግርህ ሊቆረጥ ይችላል።»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ጋዋኔን ያወለቅሁት ለዚያ ነው። ማህሌት ትምጣና ታንብብልህ፤ ያልገባህን ሁሉ ጠይቃት። ለኔ ብለህ ከሆነ አትፈርም።»

ሙህዲን ፓኮውን አንስቶ በመዳፉ አገላበጠው። ካፕሱሎቹ ውስጡ ተንኳኩ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለ። «በሁለት እግሬ ቆሜ ዕቃ ማውረድ እፈልጋለሁ። ደግሞ እስከ ዛሬ የጀመርኩትን መድኃኒት ጨርሼ አላውቅም። አንዴ ጨርሼ ልየው። ልጅቷን ጥሪልኝ።»

ማህሌት ቅጹን ቃል በቃል አነበበችለት። ጋዲሴ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰች። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ከሃያ። አምስት ተኩል። ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ይጠይቃል፣ ማህሌት ትመልሳለች፤ ስለ ኩላሊቱ፣ መሀል ላይ ማቆም ቢፈልግ ስለ መብቱ። ደህና ጠየቀ። ለእስክሪብቶ አልቸኮለም። መቸኮል የሷ ሥራ ነበር፤ እሷ እዚህ ቆማ ለሁለቱም ቸኮለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማህሌት በሩን ከፍታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ጋዲሴ መመላለሷን ያቆመችው ያኔ ነው።

* * *

ከሰዓት የመጀመሪያው መድኃኒት በደም ሥሩ መንጠባጠብ ጀመረ። ሰኪና ፌስታሉን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ከጠብታው አልነቀሉም።

«ይሄኛው ቢተርፍ እንኳ ለአደሴ አይሰጥም» አሉ።

«አይሰጥም፣ እማማ።»

«ሁሉም ስንት ነው?» አለ ሙህዲን።

«መቶ ሃያ ስድስት ጊዜ።»

«ከሥሩ ወረቀት አለው?»

«የለውም። ሁለተኛ እንደዚያ አልሳሳትም። የምለው ካለ በአፌ እነግርሃለሁ።»

«እኔ ግን አለኝ» አላት። «የክብሪቷን ደብዳቤ በቃሌ አውቀዋለሁ። መቶ ሃያ ስድስተኛዋ ስታልቅ እነግርሻለሁ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«ሙሉውን ልጨርሰው።»

ጋዲሴ ልትቆጣ ነበር። ታክሲ አምስት ደቂቃ ቢዘገይባት የምትነጫነጭ ሰው ናት፤ ስድስት ሳምንት ጠብቂ ተባለች። አባቷ ዳግመኛ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አታውቅም። አጥንቱ ውስጥ ያለው ጀርምም ምን እንደሚል አታውቅም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ጠብታዋ የቱቦው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ ከብዳ፣ ልትወርድ ስትል አየቻት። ደረቷ ውስጥም ያ የድሮው ስሜት ተመልሶ ነበር፤ ከሱቁ ወጥታ፣ ሰው ወደሌለበት የሐዲዱ ጥግ ተጠግታ፣ የክብሪቱን ቀፎ በአውራ ጣቷ ገፋ ልታደርገው ስትል፣ ገና ሳይከፈት፣ ይሰማት የነበረው።